ቺንጋው መቼ ይቀየር?

የመኪናችሁን ኮፈን ከፍታችሁ ሞተሩን በጎን በኩል ብትመለከቱት፣ አውራ ጣት የሚያክል ስፋት ያለው ጥቁር ጎማ ከአንዱ ፑሊ ወደ ሌላው እየታጠፈ ተወጥሮ ታገኙታላችሁ። ቺንጋው እሱ ነው። ዋጋው ከመኪናዋ መለዋወጫዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ተርታ ነው። ሲበጠስ ግን መንገድ ላይ ያስቀራል፤ አንዳንዴም ሞተር እስከ ማስወረድ ይደርሳል። ደስ የሚለው ነገር፣ ያለ መፍቻ፣ በስልክ መብራትና በጣት ብቻ ልትመረምሯቸው ከምትችሏቸው ጥቂት የሞተር ክፍሎች አንዱ መሆኑ ነው።

«መቼ ልቀይረው?» ብላችሁ ስትጠይቁ የምታገኙት መልስ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ሲሞላ»፣ ወይ «መሰንጠቅ ሲጀምር»። ሁለቱም መልሶች እውነትነት አላቸው። ነገር ግን ዛሬ ገበያ ላይ ላለው ቺንጋና ለአዲስ አበባ መንገድ አይበቁም። የመቀየሪያውን ጊዜ ከሁሉ በተሻለ የሚነግራችሁ በቺንጋው የውስጥ ገጽ ላይ ያለው ቦይ ነው። ለምን እንደሆነ ከመሠረቱ እንየው።

ሁሉን የሚያዞረው ጎማ

በመጀመሪያ ሁለት ቺንጋዎችን እንለይ። ታይሚንግ ቺንጋ የሚባለው በክዳን ተሸፍኖ የቫልቮችንና የፒስተኖችን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ነው። የእሱን ጊዜ አምራቹ ቆርጦ ስለሚያስቀምጠው ደህና መሰለ አልመሰለ ቀኑ ሲደርስ ይቀየራል። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርድ ላይ መብራት የሚበራው ለእሱ ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ከውጭ የሚታየው፣ ብዙ ሰው የዲናሞ ቺንጋ የሚለው ነው። አምራቹ ስለ እሱ በአብዛኛው «በየጊዜው ይታይ» ስለሚል ውሳኔው ወደ ባለቤቱ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራችውን ባለ 1.8 ሊትር ቶዮታ ኮሮላ እንውሰድ። በእሷ ሞተር ላይ አንድ ቺንጋ ብቻውን ዲናሞውን፣ የራዲያተሩን ውሃ የሚያዘዋውረውን ፓምፕ፣ የመሪውን ፓምፕና የኤሲውን ኮምፕሬሰር ያዞራል። ዲናሞው 80 አምፔር በ14 ቮልት እያመነጨ ነው እንበል። ይህ 1,120 ዋት ነው። ዲናሞ ከሚቀበለው ጉልበት ከፊሉን በሙቀት ስለሚያባክን ከቺንጋው የሚወስደው ወደ 2,000 ዋት ይጠጋል፤ ማለትም ከሁለት ተኩል የፈረስ ጉልበት በላይ። ኤሲ ሲከፈት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጭነት ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚተላለፈው በጎማውና በፑሊው ብረት መካከል ባለው ሰበቃ ነው። እንደ ታይሚንግ ቺንጋ ከፑሊው ጋር የሚነካከስ ጥርስ የለውም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ጆን ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ የሠራው ባለ ቪ ቅርጽ ቺንጋ ለአሥርት ዓመታት ሞተሮችን ሲያገለግል፣ አንዱ ቺንጋ ዲናሞውን፣ ሌላው መሪውን፣ ሌላው ኤሲውን ያዞር ነበር። በአሮጌዎቹ ኮሮላዎችና በናፍጣ ሃይስ ላይ ይህን አሠራር ዛሬም ታዩታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ፎርድ ማስታንግ ሁሉንም በአንድ ረጅም፣ ባለ ብዙ ሸንተረር ቺንጋ የሚያዞር ሞተር ይዛ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ቦታ ተቆጠበ፣ ቺንጋውም ዕድሜው ረዘመ። ነገር ግን ያ አንድ ቺንጋ ከተበጠሰ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። የባትሪ ምልክት ይበራል፣ መሪው ይከብዳል፣ ኤሲው ሞቃት አየር መንፋት ይጀምራል፣ የሙቀት መለኪያውም ወደ ላይ ይወጣል። ከአራቱ እጅግ አደገኛው የመጨረሻው ነው። ውሃው ሳይዘዋወር የተነዳ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ የአሉሚኒየም ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። የርካሽ ቺንጋ ዋጋ የሞተር ዋጋ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

መኪናዋ ቆማ ቺንጋው ይሮጣል

ወደ ኪሎ ሜትሩ እንመለስ። ለዘመናዊ ቺንጋ በብዛት የሚነገረው ዕድሜ ከ90,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ልብ በሉ። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው የመኪናዋን ጎማ እንጂ ቺንጋውን አይደለም።

እስቲ እናስላው። የሞተሩ ዋና ፑሊ የጎን ለጎን ስፋቱ 14 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በደቂቃ 700 ጊዜ ሲዞር ቺንጋው በደቂቃ 308 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። በሰዓት ሲመታ ከ18 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መገናኛ አካባቢ መንገድ ተዘጋግቶባችሁ አንድ ሰዓት ስትቆሙ የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ምንም አይጨምርም፤ ቺንጋው ግን ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል፤ ያውም የንፋስ ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ የጋለ ሞተር አጠገብ።

ልዩነቱ ሲጠራቀም ትልቅ ነው። በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 100,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 1,667 ሰዓት ያህል ይበቃታል። በከተማ በአማካይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትሄደው ግን 5,000 ሰዓት ትወስዳለች። እርግጥ ነው፣ በአውራ ጎዳና ሞተሩ ፈጥኖ ስለሚዞር የቺንጋው ሩጫ ልዩነት የሰዓቱን ያህል ሦስት እጥፍ አይደርስም። በሙቀት ውስጥ የቆየበት ጊዜ ግን ሦስት እጥፍ ነው፤ ጎማን ከሚያስረጁት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ ሙቀት ነው። በዚህ ላይ የኮረኮንችና የግንባታ አቧራ፣ የክረምት ጭቃ፣ ከሞተር ክዳን የሚንጠባጠብ ዘይት ይጨመራል።

አገራችን ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ ደግሞ ሌላ ቦታ አገልግለው የመጡ ናቸው። ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር እውነት ይሁን አይሁን፣ ቺንጋው ተቀይሮ ያውቅ እንደሆነ፣ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ሙቀት ስንት ክረምትና በጋ እንዳሳለፈ መዝገብ የለም። እንዲህ ያለ መኪና ስትገዙ ቺንጋውን አስቀይሩና ቆጠራውን ከዚያ ጀምሩ። ታሪኩን የምታውቁት ቺንጋ የሚኖራችሁ ያኔ ነው።

ስንጥቅ መፈለግ ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ መገባደጃ ድረስ ቺንጋዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ኒዮፕሪን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነበር። ኒዮፕሪን ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ መካኒኩ ቺንጋውን ገልብጦ ስንጥቅ ይቆጥራል፤ በ7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ርዝመት ውስጥ አንዱ ሸንተረር ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ስንጥቅ ካገኘ ዕድሜው እያለቀ ነው ይላል። ለዚያ ጎማ ትክክለኛ መለኪያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አምራቾቹ ኢፒዲኤም ወደሚባል ጎማ ተሻገሩ። ይህ ጎማ ሙቀት ይችላል፣ እንደ ልብ ይለጠጣል፣ ዓመታት አልፈውትም ላይሰነጠቅ ይችላል። ግን ያልቃል። የመኪና ጎማ ከአስፋልት ጋር ሲፋተግ ጥርሱ እንደሚመናመን ሁሉ የቺንጋውም ሸንተረር ከፑሊው ጋር ሲፋተግ ቀስ በቀስ ይበላል። ስንጥቅ ብቻ የሚፈልግ ዓይን ይህን ስለማያይ ጥቁርና ጤነኛ የሚመስለውን ቺንጋ «ሰላም ነው» ብሎ ያልፈዋል።

መበላቱ ለምን ይጎዳል? ሸንተረሮቹ በፑሊው ቦይ ውስጥ የሚቀመጡት ተሸጉጠው ነው። የሚይዙት በጎንና በጎናቸው ነው እንጂ ጫፋቸው የቦዩን ወለል መርገጥ የለበትም። ጎናቸው ሲበላ ሸንተረሩ ይቀጥናል፣ በሁለት ሸንተረሮች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ቺንጋውም ወደ ፑሊው ውስጥ እየዘቀጠ ይሄዳል። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ሲያርፍ መሸጎጡ ይቀርና መንሸራተት ይጀምራል። መንሸራተት ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ደግሞ መበላቱን ያፋጥናል። የቺንጋ አምራቾች እንደሚሉት ከሸንተረሮቹ ጎማ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲያልቅ ችግሩ ሊጀምር ይችላል። 5 በመቶ ከሩቅ አይታይም። ጠጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

በጣትና በመብራት

ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ። የራዲያተሩ ማራገቢያ ሞተር ከጠፋ በኋላም በራሱ ሊነሳ ስለሚችል እጃችሁን አታስጠጉት። ከዚያ በሁለት ፑሊዎች መካከል ያለውን ረጅሙን የቺንጋ ክፍል ያዙና ሸንተረሩ ወደ እናንተ እስኪዞር ትንሽ ጠምዘዝ አድርጉት። የስልካችሁን መብራት ከጎን በኩል አብሩበት፤ በጎን የሚመጣ ብርሃን ጥላ ስለሚፈጥር ጥልቀቱን ያሳያል።

የአዲስ ቺንጋ ቦይ ጠባብና ጠርዙ የተሳለ ነው። ያረጀው ሰፍቶ፣ ታቹ ክብ ወደ መሆን አዘንብሎ ይታያል። ጥፍራችሁን በቦዩ ውስጥ አስገቡና ወደ ጎን አንቀሳቅሱት፤ ልቅ ሆኖ ከተወዛወዘ ጎማው ሄዷል። ቺንጋው በዲናሞው ፑሊ ላይ እንዴት እንደተቀመጠም እዩ፤ ጀርባው ከፑሊው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ከዘቀጠ መበላቱን ይናገራል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀች ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያም አለች፤ ቦዩ ውስጥ ስትቀመጥ ከሸንተረሮቹ አናት በታች ከሰመጠች ቺንጋው አልቋል ማለት ነው።

እግረ መንገዳችሁን ሌሎቹን ምልክቶች ተመልከቱ። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ገጽ መንሸራተትን ያሳያል። ጠርዙ ላይ የተተረተረ ክር ካለ አንዱ ፑሊ ከመስመር ወጥቷል። በቦዩ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጠጠር የቺንጋውን ክር ይቆርጣል። ሲነኩት የሚያሟልጭና ያበጠ ጎማ ዘይት ጠጥቷል። ኢፒዲኤም ሙቀትን እንጂ ዘይትን አይችልም፤ ስለዚህ ዘይቱ የሚወጣበት ቦታ ሳይደፈን አዲስ ቺንጋ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ድምፁ ምን ይላል?

ጠዋት ሞተር ሲነሳ «ሲጢጥ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለምን በተለይ ጠዋት? ሞተር ማስነሳት ከባትሪው ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ ስለዚህ እንደተነሳ ዲናሞው ባትሪውን ለመሙላት በሙሉ አቅሙ ይሠራል፤ ጭነቱም ቺንጋው ላይ ይወድቃል። ቺንጋው ራሱ ደግሞ ሌሊት በብርድ ጠንክሯል፣ ምናልባትም ጤዛ አርፎበታል። ጤናማ ቺንጋ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ይሸከማል። የተበላው ወይም የላላው ግን ይንሸራተትና ይጮኻል። መሪ እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ወይም ኤሲ ሲከፈት የሚጮኸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት መካኒኮች የሚጠቀሙበት ዘዴ ውሃ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ከሩቅ በመርጫ ጥቂት ውሃ በሸንተረሩ በኩል ይረጩበታል። ድምፁ ከጨመረ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው፤ ወይ ውጥረቱ ላልቷል፣ ወይ ሸንተረሩ አልቋል። ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ጠፍቶ ከተመለሰ ግን ጥፋቱ የፑሊ መስመር መዛነፍ ነው፤ ቺንጋ በመቀየር ብቻ አይድንም። ይህን ስታደርጉ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ከረባትና የተለቀቀ ፀጉር ከሞተሩ ይራቅ። በቺንጋ የተያዘ ጨርቅ ሰውን ይዞ ይሄዳል።

ውሃ ቢረጭበትም የማይለወጥ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኩሽኔታ ነው። ቺንጋው ሲወልቅ እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ አዙሩት፤ የሚሻክር ወይም የሚወላገድ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቺንጋው ላይ ሳሙና ወይም ድምፅ ማጥፊያ ቅባት መቀባትን ግን ተዉት። ጩኸቱን ለጊዜው ያፍነዋል፣ መንስኤውን ይደብቃል፣ አቧራም ይሰበስባል።

እንግዲህ እንወስን

ክሩ የወጣ፣ ቁራጭ ጎማ የጎደለው፣ ጠርዙ የተተረተረ ወይም ዘይት የጠጣ ቺንጋ ኪሎ ሜትሩ ምንም ይሁን ምን ዛሬውኑ ይቀየር። በዚህ ሁኔታ ረጅም መንገድ አይወጣበትም። እየተተረተረ የሚዞር ቺንጋ ሌላም መዘዝ አለው፦ በአንዳንድ የቢኤምደብልዩ ሞተሮች የተበጣጠሰው ቁራጭ ከዋናው ፑሊ ጀርባ ገብቶ፣ የዘይት ማኅተሙን አልፎ ሞተሩ ውስጥ እስከ መግባት ይደርሳል።

ቦዩ የሰፋ፣ ገጹ ያብረቀረቀ፣ ስንጥቅ የጀመረ ወይም ጠዋት ጠዋት የሚጮኽ ቺንጋ በቀጣዩ ሰርቪስ ይቀየር። ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሌ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ይሁን። ዕድሜው 6 ዓመት ያለፈ ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር የተሻገረ ቺንጋ ደግሞ ደህና ቢመስልም እዚሁ ምድብ ውስጥ አስገቡት፤ የከተማ ቺንጋ ሰዓቱ ከቆጣሪው ይቀድማልና። የውሃ ፓምፕ ወይም ዲናሞ ለማስቀየር ቺንጋው ከወለቀም ያረጀውን መልሶ ማሰር ትርፍ የለውም፤ የእጅ ዋጋውን አንድ ጊዜ ከፍላችኋል።

ቦዩ ጠባብ፣ ጠርዙ ንጹሕ፣ ድምፁ ጸጥ ያለ ከሆነና ታሪኩንም የምታውቁት ከሆነ ተዉት። ዘይት በተቀየረ ቁጥር እየተመለከታችሁ ቀጥሉ። «ለማንኛውም ይቀየር» ማለት አያስፈልግም።

ሲቀየር

ያረጀውን ቺንጋ ይዛችሁ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሂዱ፤ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ካልጠፋ ሥራው ቀላል ነው። 6ፒኬ1200 የሚል ካለ ባለ 6 ሸንተረር፣ ርዝመቱ 1200 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ያረጀው ትንሽ ሊለጠጥ ስለሚችል በሜትር ከመለካት ቁጥሩን ማመን ይሻላል። ባንዶና ሚትሱቦሺ የጃፓኗ ኮቤ ከተማ፣ ጌትስ የዴንቨር ቺንጋ አምራቾች ናቸው። የታወቀ ስም አስመስሎ የሚሠራ ዕቃ ስላለ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ሸንተረሩ ያልተስተካከለ ወይም ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ቺንጋ አትግዙ።

ቺንጋው ከመውለቁ በፊት መንገዱን ፎቶ አንሱት። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ሞተር ያድናል። በብዙ ሞተሮች የቺንጋው ሸንተረር አንዳንዶቹን ፑሊዎች፣ ለስላሳው ጀርባው ደግሞ ሌሎቹን ያዞራል። መንገዱ ከተሳሳተ የውሃ ፓምፑ ወደ ተቃራኒው ሊዞርና መኪናዋ አዲስ ቺንጋ ይዛ ልትግል ትችላለች። ከታሰረ በኋላ እያንዳንዱን ፑሊ በመብራት እዩት፤ አንድ ሸንተረር ከጠርዝ ወጥቶ ከተንጠለጠለ ቺንጋው ብዙ አይቆይም።

ውጥረቱን በራሱ የሚጠብቅ ባለ ስፕሪንግ መወጠሪያ ካለ እሱም ይፈተሽ። ሞተሩ ሲሠራ ክንዱ እጅግ የሚርገበገብ ከሆነ ወይም ኩሽኔታው የሚያጉረመርም ከሆነ አብሮ ይቀየር፤ የደከመ መወጠሪያ አዲሱን ቺንጋ በአጭር ጊዜ ይበላዋል። በእጅ በሚወጠሩት ላይ ረጅሙ ክፍል መሀሉ ላይ በአውራ ጣት ጠበቅ ተደርጎ ሲጫን በአብዛኛው ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ሊረግብ ይገባል። «እንዳይላላ» ተብሎ ከልክ በላይ መወጠር የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይገድላል። አዲስ ቺንጋ ጥቂት ከሠራ በኋላ ስለሚላላም ተመልሶ መታየት አለበት።

የወለቀው ቺንጋ ያልተበጠሰና ያልተተረተረ ከሆነ አትጣሉት፤ ከፎቶውና ከመፍቻው ጋር የኋላ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። ሩቅ አገር መንገድ ላይ ቢበጠስባችሁ ከተማ ያደርሳችኋል። መኪናችሁ ላይ ይህ ቺንጋ የውሃ ፓምፑን ያዞር እንደሆነም ከወዲሁ መካኒካችሁን ጠይቁ። የሚያዞር ከሆነ ሲበጠስ ወዲያውኑ መቆም ነው። የውሃ ፓምፑ በታይሚንግ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ግን ባትሪው እስኪያልቅ ጥቂት መንገድ መሄድ ይቻላል።

ቺንጋ የሌለበት ዘመን እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. የ2010 ሞዴል ቶዮታ ፕሪየስ የውሃ ፓምፗ ሳይቀር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ይህ ቺንጋ የላትም፤ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትማ ጭራሽ አያውቁትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ከታሰበላቸው በላይ መኖር ይጠበቅባቸዋል። ዕድሜያቸውን የሚያረዝመው ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። ስለዚህ ቺንጋው ሲቀየር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፋችሁ ኮፈኑ ውስጥ በፕላስተር ለጥፉ፤ የአዲሱን ቦይም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ «ይቀየር ወይስ ይቆይ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ መልሱን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።